ለእንግሊዝኛ ቃላት የማን ርዕሰ አንቀጽ ይነበብ? ከሄራልድ እስከ ኢኮኖሚስት

‹እንግሊዝኛህን ማሻሻል ከፈለግህ የጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ አንብብ› የሚለው ምክር ከመምህራን አፍ አይጠፋም። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። የየትኛው ጋዜጣ? በቀን ስንት? ያልታወቀው ቃል ሁሉ ይጻፍ ወይስ ተመርጦ? እነዚህ ሳይመለሱ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ያቆማል። ደብተሩ ውስጥ ሁለት መቶ ቃላት ይደረደራሉ፣ አንዱም ግን ሲናገር ወይም ሲጽፍ ከአፉና ከብዕሩ አይወጣም።

ከዚህ በታች ስድስት ጋዜጦችን ለዚሁ ዓላማ ብቻ እንመዝናለን፦ ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ፣ የእንግሊዝኛው ሪፖርተር፣ አዲስ ፎርቹን፣ የእንግሊዙ ጋርዲያን፣ ዘ ኢኮኖሚስትና የሕንዱ ዘ ሂንዱ። የፖለቲካ አቋማቸውን ለመዳኘት አይደለም። የምንጠይቀው አማርኛ አፉን የፈታ አንባቢ ከየትኛው ብዙ ጠቃሚ ቃል በአነስተኛ ድካምና ወጪ ያገኛል የሚለውን ነው። ፍርዱን ለማወቅ የሚቸኩል ካለ፦ በሪፖርተር ጀምሩ፣ ጋርዲያን ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ፣ ኢኮኖሚስትን ለመጨረሻ አቆዩት።

ከምርጫው በፊት ግን ደረጃን መለካት ይቀድማል። በቃላት ጥናት ስማቸው የታወቀው የኒውዚላንዱ ምሁር ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ጋዜጣና ልብ ወለድ ያለ መዝገበ ቃላት በምቾት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ ማወቅ እንደሚያስፈልግ አስልተዋል። የቃል ቤተሰብ ማለት ዋናው ቃል ከነርቢዎቹ ጋር ነው፤ በአማርኛ ‹ወሰነ፣ ውሳኔ፣ ወሳኝ› አንድ ቤተሰብ እንደሚሆኑት ማለት ነው። የስሌቱ መነሻ በገጹ ላይ ካሉት ቃላት 98 በመቶውን ማወቅ ነው። ይህ ማለት ከ50 ቃል አንዱ ብቻ ይሰወራችኋል፤ 600 ቃል ባለው ርዕሰ አንቀጽ ላይ 12 መሆኑ ነው። እንግዲያው ቀላል መለኪያ አለ። ከርዕሰ አንቀጹ መሀል 100 ቃል ቆጥራችሁ ያልገቧችሁን አስምሩ። ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ ጽሑፉ ልክ የእናንተ ነው። አምስት ከሆኑ ይከብዳል፣ ግን ጉዳዩን አስቀድማችሁ ካወቃችሁት ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ጊዜው ገና ነው፤ ለተማሪ ተብለው በቀለለ ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍት ይቅደሙ።

‹ጉዳዩን አስቀድማችሁ ካወቃችሁት› ያልነው በዋዛ አይደለም። የአገር ቤት ጋዜጦች ትልቁ ብልጫ እዚህ ላይ ነው።

ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ እ.ኤ.አ. በ1943 የተመሠረተ፣ ከአዲስ ዘመን ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር በኢትዮጵያ ፕሬስ ድርጅት የሚታተም የመንግሥት ጋዜጣ ነው። የመንግሥት እንደመሆኑ አቋሙ አስቀድሞ ይገመታል። ለዜና ፈላጊ ይህ ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ ለቃላት ተማሪ ግን ይጠቅማል። ጸሐፊው ወዴት እንደሚሄድ ካወቃችሁ ያልታወቀው ቃል ትርጉሙን ራሱ ይሰጣል። ስለ ህዳሴ ግድብ የሚጻፈውን ብቻ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2015 ካርቱም ላይ በተፈረመው የመርሆች ስምምነት ውስጥ ያሉትን ሐረጎች የአማርኛ አድማጭ ሁሉ በቃሉ ያውቃቸዋል። ‹ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም› የሚለው በእንግሊዝኛው ‹ኢኩዊተብል ኤንድ ሪዝነብል ዩቲላይዜሽን› ነው፤ ‹ጉልህ ጉዳት› ደግሞ ‹ሲግኒፊካንት ሃርም›። የወንዙ የታችኛው ተፋሰስ አገሮች ‹ዳውንስትሪም› ይባላሉ። ሐረጉን በአማርኛ የምታውቁት ስለሆነ ማጥናት አያስፈልግም፤ ማጋጠም ብቻ ነው። የሄራልድ ድክመት ከሌላ በኩል ይመጣል፦ የቃላቱ ክብ ጠባብ ነው። ልማት፣ ሉዓላዊነት፣ ባለድርሻ አካላት፣ ዘላቂነት ደጋግመው ይመጣሉ። ከሁለት ወር በኋላ አዲስ ቃል ማግኘት ይከብዳል፤ ያኔ መተው ነው።

የእንግሊዝኛው ሪፖርተር ቅዳሜ ቅዳሜ ይወጣል፤ የአማርኛው ደግሞ ረቡዕና እሑድ። በሁለቱ ርዕሰ አንቀጾች በአንድ ሳምንት ተመሳሳይ ጉዳይ የሚነሳበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ሲገጥም ከዚህ የተሻለ ነፃ የመማሪያ መጽሐፍ ማግኘት ከባድ ነው። አማርኛውን መጀመሪያ አንብቡ። ከዚያ እንግሊዝኛውን ዘርግታችሁ ‹እርግጥ ነው … ነገር ግን› የሚለው የአማርኛ አካሄድ በእንግሊዝኛ ምን ሆኖ እንደመጣ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ‹ቱ ቢ ሹር› ወይም ‹ግራንትድ› ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ከጥቂት ዓረፍተ ነገር በኋላም ‹በት› ይከተለዋል። ይህን የማያውቅ አንባቢ ‹ቱ ቢ ሹር› የሚለውን የጸሐፊው አቋም አድርጎ ይወስደዋል። እውነቱ ግን ጸሐፊው ለተቃራኒው ወገን እጁን ዘርግቶ ‹ይህን አልክድህም› እያለ፣ ክርክሩን ለቀጣዩ መስመር ማዘጋጀቱ ነው። አንድ ሐረግ በተሳሳተ መንገድ በመረዳት ርዕሰ አንቀጹ በሙሉ ይገለበጣል።

አዲስ ፎርቹን እሑድ የሚወጣ የኢኮኖሚና የንግድ ሳምንታዊ ነው። ባንክ፣ ግብርና፣ ታክስና የውጭ ምንዛሪ ላይ ለሚሠራ ሰው ከአገር ውስጥ ጋዜጦች የሚስተካከለው የለም እንላለን። ዓረፍተ ነገሮቹ ረጃጅም፣ ቅጽሎቹ የበዙ ናቸው፤ ለመረዳት ጥሩ፣ ለመኮረጅ ግን አደገኛ። እዚያ ያነበበውን ዓረፍተ ነገር አስመስሎ የሥራ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ቀጣሪውን ያሰለቻል። ጥቅሙ የሙያ ቃላትን መለየቱ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ፣ ‹ዲቫሉዌሽን› እና ‹ዲፕሪሺዬሽን› የሚሉት ሁለት ቃላት በየጽሑፉ ይመጣሉ። ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። የመጀመሪያው መንግሥት በውሳኔው የገንዘቡን ዋጋ ዝቅ ሲያደርግ ነው፤ ሁለተኛው ዋጋው በገበያው ኃይል ሲወርድ። ‹ፍሎት› የሚለው ግሥ ደግሞ ከተመን ገመድ ፈትቶ መልቀቅ ነው። እነዚህን ሦስቱን ለይቶ የሚጽፍ ሰው ርዕሰ አንቀጽ ማንበቡ ያስታውቃል።

አሁን ወደ ጋርዲያን። እ.ኤ.አ. በ1821 በማንችስተር የተመሠረተው ይህ ጋዜጣ ድረ ገጹን በክፍያ አልዘጋም፤ አንባቢ በፈቃዱ እንዲደግፍ ይጠይቃል እንጂ ሳይከፍል የሚያነብበውን አይመልስም። ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም ከሪያድም ይከፈታል። ዓለም አቀፍ ካርድ ለሌለው ሰው ይህ ብቻውን ከብዙዎቹ በላይ ያደርገዋል።

ከዋጋውም በላይ ግን አሠራሩ ለተማሪ የተሰፋ ይመስላል። የርዕሰ አንቀጾቹ ርዕስ ሁልጊዜ ‹ዘ ጋርዲያን ቪው ኦን› ብሎ ይጀምርና ጉዳዩን ይጠራል፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ ያስቀምጣል፣ ከሁለት ነጥቡ በኋላ አቋሙን ይናገራል። ስለዚህ ገና ጽሑፉን ሳትጀምሩ ምን ሊባል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ርዝመቱ ወደ 600 ቃል ይጠጋል፣ ማለትም በአንድ መቀመጫ ያልቃል። በአብዛኛው ቀን ከአንድ በላይ ስለሚወጣ፣ የእንግሊዝ የውስጥ ፖለቲካ የሆነውን ትታችሁ ስለ አየር ንብረት፣ ስለ ጤና፣ ስለ ስደት ወይም ስለ አፍሪካ የተጻፈውን መምረጥ ትችላላችሁ። ምርጫው ቁም ነገር ነው። የለንደን ፓርላማ ውስጥ የተደረገ ሽኩቻ ላይ የተጻፈ ርዕሰ አንቀጽ ቃሉ ሁሉ ቢገባችሁም ነገሩ አይገባችሁም።

እዚህ ላይ አንድ አጥብቀን የምንናገረው ነገር አለ፦ በየቀኑ የተለያየ ጉዳይ አታንብቡ። አንድ ጉዳይ ያዙና በዚያው ላይ የተጻፉ ስድስት ወይም ስምንት ርዕሰ አንቀጾችን ተከታትላችሁ ጨርሱ። ድረ ገጹ የቆዩትንም ስለሚያሳይ ይቻላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ቃል የሚያዘው ሲደጋገም ነው። ሰኞ ስለ ውቅያኖስ፣ ማክሰኞ ስለ ቲያትር፣ ረቡዕ ስለ ጡረታ ካነበባችሁ ሰኞ ያገኛችሁት ቃል ተመልሶ ሳይመጣ ይጠፋል። ስለ አየር ንብረት ስምንት ካነበባችሁ ግን ‹ሚቲጌት› (የጉዳትን ክብደት መቀነስ) የሚለው ግሥ ራሱ እየመጣ በራችሁን ያንኳኳል፤ በአራተኛው ጊዜ መዝገበ ቃላት አትገልጡም።

ሁለተኛው ነገር የሚለቀመው ቃል ሳይሆን ጥንዱ ነው። በአማርኛ የዋጋ ንረት ‹ይገታል›፣ ግጭት ‹ይቀጣጠላል›፣ ውጥረት ‹ይባባሳል›። ቦታ ቢለዋወጡ ጆሮ ይቆረቁራል። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው፦ ‹ከርብ ኢንፍሌሽን›፣ ‹ፊውል ኮንፍሊክት›፣ ‹ኢግዛሰርቤት ቴንሽንስ›። ‹ከርብ = ገታ› ብሎ ብቻውን የጻፈ ሰው መኪናም በ‹ከርብ› ሊያስቆም ይሞክራል። ከነተሳቢው የጻፈ ግን አይስትም። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ የሚሰፍረው ቢያንስ ሁለት ቃል ይሁን፦ ግሡ ከነተሳቢው ወይም ቅጽሉ ከነስሙ።

ፈሊጦቹ ላይ ደግሞ አማርኛ ትልቅ ጉልበት ይሰጣል። ቃል በቃል ከመተርጎም ይልቅ አማርኛው በዚያ ቦታ ምን ይል እንደነበር ጠይቁ። ‹ቤር ዘ ብረንት› የሚለው ርዕሰ አንቀጾች የሚወዱት ሐረግ ነው፤ ‹ድሆች የድርቁን ብረንት ተሸከሙ› ይላል። አማርኛው ‹የገፈቱ ቀማሽ ሆኑ› ነው። ‹ተርን ኤ ብላይንድ አይ› ማለት ‹አይቶ እንዳላየ ማለፍ› ነው። ‹ፔይ ሊፕ ሰርቪስ› ከአንገት በላይ መናገር፣ ‹አድ ኢንሰልት ቱ ኢንጁሪ› በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፣ ‹ቱ ሊትል፣ ቱ ሌት› ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እንዲህ የተጋጠመ ፈሊጥ ለመርሳት ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ከኋላው በልጅነት የገባ አባባል አለ።

ለአንድ ርዕሰ አንቀጽ የሚበቃው ጊዜ 40 ደቂቃ ያህል ነው። የመጀመሪያው ንባብ ያለ መዝገበ ቃላትና ያለ እርሳስ፣ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ። ሲያልቅ የጸሐፊውን አቋም በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ ካልቻላችሁ እንደገና አንብቡ እንጂ ወደ ቃላት አትሂዱ። በሁለተኛው ንባብ ያልገባችሁን ሁሉ አስምሩ። አሁን ምርጫ ይመጣል፣ እጅግ የሚሳሳቱትም እዚህ ነው። ካሰመራችኋቸው ውስጥ አምስት ብቻ ውሰዱ። መምረጫው ‹ይህን ቃል ባለፈው ሳምንትም አይቼዋለሁ?› የሚለው ጥያቄ ነው። አይን የሚማርከው ብርቅ ቃል፣ ለምሳሌ ‹ኳግማየር› (ማጥ)፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው የሚያጋጥመው። ‹አንደርማይን› (መሸርሸር)፣ ‹ሂድ› (ምክር ሰምቶ መቀበል)፣ ‹ስቴም› (መግታት)፣ ‹ፎል ሾርት ኦፍ› (ከሚጠበቀው ማነስ) ግን በየቀኑ አሉ፤ ቀላል ስለሚመስሉ ግን ይታለፋሉ።

ከዚያ መዝገበ ቃላት ግለጡ። ለተማሪ የተዘጋጁት የኦክስፎርድ፣ የካምብሪጅና የሎንግማን መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። ሎንግማን ትርጉሞቹን የሚያብራራው በ2,000 ገደማ መሠረታዊ ቃላት ብቻ ስለሆነ አንዱን ቃል ለመረዳት ሌላ ሦስት ቃል ፍለጋ አያዞርም። ስልክ ላይ ያለው የትርጉም መተግበሪያ አንድ ቃል በአንድ ቃል ሲመልስ የሚበላሸው ብዙ ትርጉም ያላቸው ላይ ነው። ‹ኦቨርሳይት› ቁጥጥርም ነው፣ ሳያስተውሉ ማለፍም ነው። ‹ሳንክሽን› ማዕቀብም ነው፣ ማጽደቅም ነው። ‹አድሬስ› ሁሉም ሰው አድራሻ መሆኑን ያውቃል፤ በርዕሰ አንቀጽ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግሥ ነው፣ ለችግር መፍትሔ መፈለግ ማለት። ‹ቴብል› የተባለው ግሥ ደግሞ በእንግሊዝ ጋዜጣ ሐሳብን ለውይይት ማቅረብ ሲሆን በአሜሪካ ጋዜጣ ውይይቱን ማቆየት ነው፤ ፍጹም ተቃራኒ። ጋርዲያንና ኒውዮርክ ታይምስን እያቀላቀለ የሚያነብ ሰው ይህ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ለዚህም ነው ቢያንስ ለስድስት ወር በአንድ አገር እንግሊዝኛ መጽናት የሚሻለው፤ አጻጻፉም ስለሚለያይ። ‹ሌበር› የሚለው ቃል በእንግሊዝ ‹ዩ› የሚባለው ፊደል አለው፣ በአሜሪካ የለውም።

ትርጉም ብቻም አይበቃም፤ ቃሉ የያዘውን ሚዛንም መዝግቡ። ‹ሬዢም› ሲባል መንግሥት ብቻ አይደለም፣ አማርኛው ‹አገዛዝ› ሲል እንደሚያሸተው ነው። አንድ ሚኒስትር ‹ክሌይም› አደረገ ከተባለ ጸሐፊው አላመነውም፤ ‹አድሚት› አደረገ ከተባለ የሚያሳፍር ነገር አመነ ማለት ነው። ይህን ያልለየ ተማሪ በፈተና ወረቀቱ ላይ መምህሩን ‹ክሌይም› ያስደርጋል።

አምስቱን ቃላት በካርድ ላይ ጻፉ፦ በፊት ለፊቱ ዓረፍተ ነገሩ፣ የቃሉ ቦታ ክፍት ሆኖ፣ በጀርባው ቃሉ፣ አማርኛው እና በራሳችሁ የሠራችሁት አንድ ዓረፍተ ነገር። በማግስቱ፣ በሦስተኛው፣ በሰባተኛውና በሃያ አንደኛው ቀን ይከለሱ። አንኪ የሚባለው መተግበሪያ የክለሳ ቀኑን ራሱ ያሰላል፤ በአንድሮይድ ነፃ ነው፣ በአይፎን ግን ይከፈልበታል። በሳምንት አምስት ቀን ከተሠራ 25 ቃል፣ በወር 100 ገደማ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን እነዚህ የሚጻፉ ቃላት ናቸው። ለዚህም ቅዳሜ በሳምንቱ ጉዳይ ላይ 120 ቃል የምትሆን አንድ አንቀጽ ጻፉ፣ ከ25ቱ አምስቱን አስገብታችሁ። አምስቱ ካልገቡላችሁ የተማራችሁት ማወቅን ነው እንጂ መጠቀምን አይደለም።

አነባበብ ላይ ጋዜጣ ምንም አይረዳም፣ እንዲያውም ያስታል። ‹ኩ› ተብሎ የሚነበበው የመፈንቅለ መንግሥት ቃል መጨረሻው ላይ የማይነበብ ‹ፒ› አለው። ዕዳ ማለት የሆነው ‹ዴት› መሀሉ ላይ ‹ቢ› ይታያል። ክስ መመሥረት ‹ኢንዳይት› ነው፣ አጻጻፉ ግን ‹ኢንዲክት› ያሰኛል። በካርዱ ላይ አነባበቡን በፊደላችን መጻፍ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ፊደላችን ‹መርከብ› እና ‹በግ› የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ሁለቱንም ‹ሺፕ› አድርጎ ስለሚያሳይ የድምፁን ቁልፍ ተጭኖ መስማት የግድ ነው።

ዘ ኢኮኖሚስት ራሱን ጋዜጣ ብሎ የሚጠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1843 የተመሠረተ የለንደን ሳምንታዊ ነው። ርዕሰ አንቀጾቹ ‹ሊደርስ› ይባላሉ፣ የጸሐፊ ስም የለባቸውም። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ምናልባት ከስድስቱ ሁሉ የተጠረበው እሱ ነው። ብዙዎች ረዣዥም ቃላት እንደሚያጋጥሟቸው ጠብቀው ይመጣሉ፤ የሚያስቸግራቸው ግን አጫጭሮቹ ናቸው፦ ‹ውው› (ማባበል)፣ ‹ስፐር› (ማነሳሳት)፣ ‹ሸን› (መሸሽ)፣ ‹ክዌል› (ማብረድ)፣ ‹ሾር አፕ› (መደገፍ)፣ ‹ሬይን ኢን› (ልጓም ማስገባት)። ርዕሶቹ በቃላት ጨዋታ የተሞሉ ስለሆኑ ርዕሱን መዝለልና በቀጥታ ወደ መጀመሪያው አንቀጽ መግባት ይሻላል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ለአገር ቤት አንባቢ ትልቅ እንቅፋት ነው። በአሜሪካ የምትኖሩ ግን ገንዘብ ሳታወጡ በፊት የሠፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። በርካቶቹ በአባልነት ካርድ ብቻ ጋዜጣና መጽሔት በስልክ ያስነብባሉ።

ዘ ሂንዱን የጠቀስነው በቴሌግራም የሚዞሩት ‹የዕለቱ ርዕሰ አንቀጽ ቃላት› ዝርዝሮች ብዙዎቹ ከሱ ስለሚቀዱ ነው። ሕንድ ውስጥ ለመንግሥት ሥራ ፈተና የሚዘጋጁ ወጣቶች የሚያነቡት፣ እ.ኤ.አ. በ1878 የተመሠረተ የተከበረ ጋዜጣ ነው። ለኛ ግን ‹ላክ› መቶ ሺህ፣ ‹ክሮር› አሥር ሚሊዮን መሆኑን፣ የምክር ቤቶቹንና የክልሎቹን ስም መማር ይጠይቃል። ዝርዝሮቹማ ከነጭራሹ አይረዱም፤ ቃሉን ከዓረፍተ ነገሩ ነቅለው፣ የመረጠውም ሌላ ሰው ሆኖ፣ ለእናንተ የቀረው መሸምደድ ብቻ ነው።

ርዕሰ አንቀጽ የማይሆናቸው ሰዎችም አሉ። ለነርስነት ፈተና የሚዘጋጅ፣ ዱባይ ሆቴል ውስጥ እንግዳ የሚቀበል፣ ወይም ልጁን ሐኪም ቤት ወስዶ ሕመሙን ማስረዳት የሚፈልግ ሰው ‹ቁርጠት›ን እና ‹ደረሰኝ›ን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባሉ እዚህ አያገኝም። አይኤልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ለሚፈተን ግን በቀጥታ ያገለግላል። በጽሑፍ ፈተናው ላይ የቃላት አጠቃቀም ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ነው፣ የነጥቡም ሩብ። ሁለተኛው ጥያቄ ቢያንስ 250 ቃል የሚጻፍበት የክርክር ድርሰት ስለሆነ ከርዕሰ አንቀጽ ጋር ቅርብ ዝምድና አለው። ጥንዶቹን ውሰዱለት፣ ስላቁንና ፈሊጡን ግን ለጋዜጣው ተዉለት።

አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ለሚያነብ አንድ ማሳሰቢያ፦ የተከራዩት ጋዜጣ ላይ አይሰመርም። የአንቀጹን ቁጥርና የመስመሩን መጀመሪያ ቃል በትንሽ ወረቀት ላይ እየያዛችሁ አንብቡ። ጋዜጣውን ከመመለሳችሁ በፊት አምስቱን ዓረፍተ ነገሮች ሙሉውን ገልብጡ፤ ቃሉን ብቻ ጽፋችሁ ከሄዳችሁ ማታ ቤት ስትገቡ ዓረፍተ ነገሩ አብሯችሁ አይኖርም።